በእኔና በሐጂ አደም ግድግዳ መካከል

ክንዱ ግድግዳ ውስጥ ገብቶ አልወጣም ያለው ሰው መጀመሪያ ምን እንደሚያስብ ታውቃላችሁ? ስለ ክንዱ እንዳይመስላችሁ። «ማን አየኝ?» ነው የሚለው። እኔን ያየኝ የገንዳ ውሃ ከተማ ሕዝብ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ወሬውን ሰምቶ እየመጣ ነበር። ያም ሆኖ ያን ቀን ሳስታውስ ደረቴ ይነፋል። ለምን እንደሚነፋ ለማስረዳት ግን ከክንዴ ሳይሆን ከግድግዳው መጀመር አለብኝ።

እኔ የትራክተር መለዋወጫ ነጋዴ ነኝ። ፊልትሮ፣ ኩሽኔታ፣ ቺንጋ፣ የማረሻ ዲስክ፣ ግራሶ የጠፋበት ሰው ወደ እኔ ይመጣል። ከሱቄ ቀጥሎ የሐጂ አደም ሱቅ ነው። እሳቸው ከሱዳን የሚመጣ ጨርቅ፣ ቶብ የሚሉት የሴቶች መከናነቢያና ሽቶ ይሸጣሉ። ከሳቸው ሱቅ የወጣ ሰው ሰርግ የዋለ ይመስላል፤ ከእኔ ሱቅ የወጣ ሰው ትራክተር ሥር ተኝቶ የዋለ ይመስላል። ቁመናችንም እንደዚያው ነው። ሐጂ ረጅምና ቀጭን ናቸው፤ በጎን ከዞሩ ይጠፋሉ። እኔ በየትም በኩል ብትዞሩኝ አልጠፋም።

ሁለቱም ሱቆች ከአባቶቻችን የወረስናቸው የጭቃ ቤቶች ነበሩ። የእኔ አባት ሰሊጥ አጭዶ ሊመለስ ከጎጃም ወርዶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። የሐጂ አባት ደግሞ በግመል ሲነግዱ ግመላቸው ሞቶባቸው ቀሩ ይባላል። እነዚህ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ቤት ሲሠሩ፣ ድንበር የገፉ እንዳይመስልባቸው ፈርተው እያንዳንዳቸው ትንሽ ወደ ራሳቸው ሸሹ። በዚህ መሸሽ መካከል እጅ ብቻ የምታስገባ ቀጭን ክፍተት ቀረች። ከመንገዱ ተነሥታ እስከ ጓሮ ትዘልቃለች። ከላይ የሁለታችን ጣሪያ ቆርቆሮ ተደራርቦ ክዳን ሆኗታል። ሰው አይገባባትም፣ ድመትም አይገባባትም። የሌሊት ወፍ ግን ይገባባታል።

መቼ እንደገቡ አላውቅም። እኔ ነፍስ ሳውቅ ነበሩ። አውራ ጣት የሚያህሉ፣ ክንፋቸውን አጥፈው ሲንጠለጠሉ ከደረቀ ቅጠል የማይለዩ ናቸው። ፀሐይ ስትጠልቅ ከክፍተቷ አፍ እንደ ጭስ ይወጣሉ፤ ሳይጋጩ፣ ሳይተሻሹ፣ አንዱ አንዱን ሳይሰድብ። የእኛ የአውቶቡስ ተራ ሰዎች መጥተው ቢያዩ ብዬ ብዙ ጊዜ ተመኝቻለሁ።

ችግሩ ሽታቸው ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የገንዳ ውሃ ሙቀት ምን እንደሚመስል የኖረበት ያውቀዋል። ቆርቆሮው ሲግል ከክፍተቷ የሚወጣው ነገር ደንበኛን ከበር ይመልሳል። አንድ ቀን ሐጂ ዘንድ ገባሁና በትሕትና፣

«ሐጂ፣ የሌሊት ወፎችዎ ዘንድሮ በረቱ» አልኳቸው።

ሐጂ ቶብ እያጠፉ ነበር። ቀና ሳይሉ፣ «የእኔ? ካንተ ግድግዳ ላይ አይደል የሚሰቀሉት» አሉ።

«እኔ ያየሁት ከእርስዎ በኩል ሲወጡ ነው።»

«ያ ዞል፣ ወጡ እንጂ አደሩ አላልክም። ቤታቸው ካንተ ጋ ነው። በእኔ በኩል ያልፋሉ። መንገድ አልከለክልም።»

ያ ዞል ማለት ባገራችን በሱዳኖቹ አነጋገር «አንተ ሰው» ማለት ነው፤ እንደ አባባሉ ፍቅርም ቁጣም ይሆናል። ያን ቀን መሃል ላይ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሠራሁትን ለመናገር ትንሽ አፍራለሁ፤ ግን ካልነገርኳችሁ ወጉ አይቀጥልም። በጭስ ላባርራቸው ወሰንኩ። አሮጌ ምጣድ ላይ የጋለ ከሰል አድርጌ ደረቅ በርበሬ በተንኩበት። ይሄ ብቻ በቂ ነበር። እኔ ግን የጀመርኩትን ነገር ሳላበላሽ የማልተው ሰው ነኝና ከሱቄ አሮጌ ቺንጋ አንሥቼ ጎማውን ቆራርጬ ጨመርኩበት። ምጣዱን ክፍተቷ አፍ ላይ አስቀምጬ በሰፌድ አራገብኩ። ጭሱ ገባ። በዚያው ገብቶ ቢቀር ጥሩ ነበር፤ የሐጂን የጭቃ ግድግዳ ስንጥቅ አግኝቶ ለዒድ የመጣ ጨርቃቸው ላይ ሰፈረ። ውስጥ ቶብ እየለኩ የነበሩ ሴቶች ተከናንበው እያስነጠሱ ወደ መንገዱ ወጡ። ከኋላቸው ሐጂ እንባቸውን በሻሻቸው ጫፍ እየጠረጉ ብቅ አሉ። ምጣዱን አዩ። እኔን አዩ። ሰፌዱን አዩ። ትንሽ እስኪተነፍሱ ጠበቁና፣

«ከዛሬ ጀምሮ እኔና አንተ ሰላምታ የለንም» አሉኝ። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም።

የሌሊት ወፎቹ በማግስቱ ምንም እንዳልተፈጠረ ተመልሰው ነበር። ያልተመለሰው የሐጂ ሰላምታ ነው።

ጎን ለጎን እየነገዱ አለመነጋገር ከባድ ሥራ ነው። ጠዋት ሁለታችንም በር የምንከፍተው እኩል ነው። እሳቸው ሲወጡ እኔ ሰማይ አያለሁ፤ እኔ ስወጣ እሳቸው ሰማይ ያያሉ። ዝናብ የዘገየበት ገበሬ እንኳ እንደኛ ሰማይ አልተመለከተም። ባለቤቴ የሺ ከሐጂ ባለቤት ከሐዋ ጋር እንደ ወትሮው ትጠራራለች፤ ልጆችም ይገባሉ ይወጣሉ። የተኳረፍነው ሁለት ጢማችን የሸበተ ሰዎች ብቻ ነን።

እንዲህ ሆነን ሳለን ትዕግስት የምትባል የግብርና ባለሙያ ለመድኃኒት መርጫ ማሽን ጎማ ፍለጋ ወደ ሱቄ መጣች። ሽታው ደረሳት። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት እሷ ቀድማ፣

«ጋሼ፣ እዚህ የሌሊት ወፍ አለ እንዴ?» አለች። እንደ ተጸየፈ ሰው አልነበረም አነጋገሯ፤ ዘመዷ እዚህ መኖሩን የሰማች ነው የምትመስለው።

እስኪመሽ ቆየች። ክፍተቷ አፍ ፊት ቆማ ሲወጡ አየች፤ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ መሬት ሲነካ አላወቀችም። ከዚያ በርጩማዬ ላይ ተቀምጣ አስረዳችኝ። እነዚህ ፍሬ የሚበሉት ዓይነት አይደሉም፤ ነፍሳት ለቃሚዎች ናቸው። ሰሊጣችን ላይ ትል የሚፈለፍሉትን የእሳት እራቶች ይበላሉ፣ ትንኝ ይበላሉ። እዚህ ያሉት እናቶች ናቸው፤ ሊወልዱና ሊያጠቡ ነው የሚሰበሰቡት። አንዷ የምትወልደው አንድ ብቻ ነው፤ እሱ ከሞተ በአይጥ አወላለድ የሚተካ አይደለም።

«ሌላ ቦታ አይሄዱም?» አልኳት።

«የት ይሂዱ? ድሮ በየማሳው ዳር ሆዳቸው ክፍት የሆነ ትልልቅ ዛፎች ነበሩ። ለትራክተር መዞሪያ ተብሎ ተነቀሉ።»

የትራክተሮቹን ዲስክ ማን እንደሸጠ አልጠየቀችኝም። እኔም አልነገርኳትም። ስትሄድ፣ «በባዶ እጅ እንዳይነኳቸው፤ ቢነክሱ በሽታ ሊኖር ይችላል። ከነከሱም ወዲያው ጤና ጣቢያ» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሌሊት ወፎቹ የእኔ ሆኑ። ለመጣው ደንበኛ ሁሉ አወራለት ጀመር። ሰሊጡ ትል ያልበላው ገበሬ ቢመጣ፣ ሳልጠየቅ «የእኔዎቹ ናቸው የረዱህ» እለዋለሁ። ማታ ማታ አግዳሚ ወንበር አውጥቼ እንግዳ አስቀምጣለሁ። ወሬው ግን የጭቃ ግድግዳ አያግደውም። ሐጂም ሰሙ። ባራተኛው ይሁን በአምስተኛው ቀን እሳቸውም ከበራቸው ላይ ምንጣፍ አንጥፈው እንግዳ አስቀመጡ። ለእኔ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «የእኔ የሌሊት ወፎች ዛሬ ደህና ናቸው» ሲሉ፣ እኔ ወደ አግዳሚው ዞሬ፣ «የእኛዎቹ ትንሽ ዘገዩ፤ ጎረቤት ስለሚጮህ ይሆናል» እላለሁ።

የሺ ይህን ሰምታ፣ «ትናንት የማንም አልነበሩም። ዛሬ ሁለት ሽማግሌ አንድ ወፍ ይሻማል» አለችኝ።

«ወፍ አይደሉም። ያጠባሉ» አልኳት።

«ቢያጠቡስ፣ አንተ ምናቸው ነህ?»

አግዳሚዬን ተሸክሜ ወጣሁ።

ነገሩ በመሻማት ብቻ ቢያበቃ ደግ ነበር። ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሣ የሐጂ ልጅ ኢድሪስ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ በመተማ ዮሐንስ በኩል ገባ። የለበሰውን እንጂ ሌላ ነገር አላመጣም። ከሱቁ ጀርባ ባለችው አንድ ክፍል ውስጥ ከአባት ከእናቱ ጋር ተደራርበው ይኖሩ ጀመር። ሙቀቱ፣ ልጆቹ፣ የጨርቁ ጥቅል፤ መተንፈሻ እንዳልነበራቸው ጎረቤት ነኝና ድምፁ ይደርሰኛል። ሐጂ የጭቃውን ቤት አፍርሰው በብሎኬት ሊሠሩ ቆረጡ። ማንም ቢሆን ይህንኑ ያደርግ ነበር።

ግንበኛው ይመር የሚባል የወሎ ሰው ነበር። አንድ ጠዋት ስወጣ ሲባጎውን ከእኔ ግድግዳ ጋር አጣብቆ ሲወጥር አገኘሁት።

«ይመር፣ ክፍተቷስ?» አልኩት።

«የምን ክፍተት ጋሼ? እሷንማ በብሎኬት ደፍነን አንድ እናደርጋታለን። ለቤቱም ስፋት ነው። የርስዎም ግድግዳ ደገፍ ይላል።»

«ውስጧ እናቶች አሉ።»

ይመር ሲባጎውን ይዞ ቆመ። በአንድ ዓይኑ ክፍተቷን፣ በሌላው እኔን አየና፣ «የሐጂን ፈቃድ ይጠይቁ» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ሐጂን መጠየቅ። እንዴት አድርጌ? ሰማይ እያየሁ? የሺን «አንቺ ንገሪያቸው» ብላት፣ «አፍህ የት ሄደ?» አለችኝ። ደግሞስ ምን ብዬ ነው የምነግራቸው? ልጅዎ ከነቤተሰቡ ታፍኖ ይደር፣ አውራ ጣት ለምታህል ፍጥረት ስንዝር ይተዉላት ልበል? ሳሰላስለው ያሳፍረኛል፤ ልተወው ስል ደግሞ ማታ ማታ ከክፍተቷ የሚሰማው የግልገሎቹ ድምፅ አያስተኛኝም። ያን ጊዜ ግንቦት ነበር፤ ወልደዋል፤ ግልገሎቹ ገና መብረር አልጀመሩም።

እንዲህ እያመነታሁ ይመርና ሰዎቹ የሐጂን የፊት ደረጃ በመዶሻ መምታት ጀመሩ። የእኔ መደርደሪያ ላይ ኩሽኔታዎቹ ተንጫጩ። ከጫጫታው መካከል ቀጭን፣ በጣም ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። ባትሪ ይዤ ክፍተቷ አፍ ላይ ዓይኔን ለጠፍኩ። አንድ ግልገል ወድቃ፣ ጭቃው ባበጠበት ቦታ ላይ ተቀምጣለች። ፀጉር የላትም። ከባቄላ ፍሬ አትበልጥም። መዶሻው በመታ ቁጥር ወደ ጠርዙ ትንሽ ትንሽ ትንሸራተታለች።

የትዕግስትን ምክር አልረሳሁም። ከመደርደሪያዬ የብየዳ ጓንት አወረድኩ፤ እስከ ክርን የሚደርስ ወፍራም ቆዳ ነው። አጠለቅሁና ክንዴን ከተትሁ። እስከ ብብቴ ገባ። ጉንጬ ከግድግዳው ጫፍ ጋር ተጣብቆ፣ በአንድ ዓይኔ ብቻ እያየሁ፣ ቀስ ብዬ መዳፌ ላይ አደረግኋትና ጣቶቼን አጠፍኩ።

መመለሻው ላይ ነው ነገር የመጣው። የተዘረጋ እጅ የገባበት ክፍተት የተጨበጠ እጅ አያስወጣም። ጓንቱ ሲጨመርበት ደግሞ ጨርሶ አይሞከርም። ጣቶቼን ብዘረጋ ክንዴ ይወጣል፤ ግልገሏ ግን ትወድቃለች፣ ከሥሯ እጅ የማይደርስበት ጉድጓድ ነው። ስለዚህ አልዘረጋሁም። ቆምኩ።

ገንዳ ውሃ ውስጥ አንድ ሰው ግድግዳ አቅፎ ከቆመ ሁለተኛው ይመጣል፣ ሁለተኛው ከመጣ ሠላሳኛው ይመጣል። ምክር ጎረፈ። አንዱ የሰሊጥ ዘይት በእጅጌዬ በኩል አፈሰሰልኝ፤ እስከ ወገቤ ወረደ። ሌላው ከራሴ ሱቅ ግራሶ አንሥቶ ትከሻዬን ቀባኝ። የባጃጅ ሾፌር ወገቤን በገመድ አስሮ ሊጎትተኝ ጠየቀ፤ እንደ ውለታ ነው ያየው። የሺ ሰው ገፍታ ደረሰች።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ተይዤ ነው።»

«ለምን አትለቀውም? ምንድን ነው የያዝከው?»

ጉንጬ ተጨፍልቆ ስለነበር አነጋገሬ ጥሩ አልነበረም። «ልጅ» አልኳት።

ማለት የፈለግሁት የሌሊት ወፏን ልጅ ነው። ከኋላዬ የቆመው ሕዝብ ግን የሰማው ልጅ የሚለውን ብቻ ነበር። «ልጅ ነው ያለው?» አለ አንዱ። «ግድግዳው ውስጥ ሕፃን ገብቷል» አለ ቀጣዩ። ወሬው ሰሊጥ ተራ ሲደርስ ሕፃኑ በሕይወት አለ፤ አውቶቡስ ተራ ሲደርስ ሁለት ሆነዋል። አንዲት ሴት ማልቀስ ጀመረች። እኔ «አይደለም፣ አይደለም» እላለሁ፤ የሚሰማኝ ግን ግድግዳው ብቻ ነው። ትንሽ ቆይቶ የፖሊስ ቆብ ከትከሻዬ በላይ ብቅ አለ።

«አባት፣ ልጁ የት ነው?»

«እጄ ውስጥ።»

«ይተነፍሳል?»

«ትተነፍሳለች።»

«ዕድሜዋ ስንት ነው?»

«ገና ጡት አልጣለችም» አልኩት። ፖሊሱ ፊሽካውን ነፍቶ ሕዝቡን አስገለለ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሐጂ ጓሮ ሆነው ብሎኬት ያራግፉ ነበር። ወሬው ከጀርባ በኩል ደረሳቸው። ኢድሪስ ትንሿ ልጁ ኢማን ጠዋት በር ላይ ስትጫወት ነበር ብሎ ልጆቹን መቁጠር ጀመረ፤ አንድ ጎደለ። ሐጂ ያን ጊዜ ምን እንደሆኑ አላየሁም፤ የማየው በአንድ ዓይኔ ጨለማውን ብቻ ነው። ነገር ግን ከክፍተቷ ከወዲያኛው ጫፍ፣ ከጓሮው በኩል ይመጣ የነበረው ብርሃን ድንገት ተሸፈነና ድምፃቸውን ሰማሁ። 

«ኢማን? ኢማን፣ እዚያ ነሽ? አያትሽ ነኝ። አትፍሪ።»

ሕይወቴን ሙሉ የማውቃቸው ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼባቸው አላውቅም።

«ሐጂ» አልኩ። «ሐጂ፣ ኢማን አይደለችም። እኔ ነኝ። የያዝኩት የሌሊት ወፏን ግልገል ነው። ከመዶሻው የተነሣ ወደቀች።»

 ከጓሯቸው የሐዋ ድምፅ፣ «ኢማን ጨርቁ ጥቅል ላይ ተኝታለች፣ አገኘኋት» ሲል ተሰማ። ከዚያ የሐጂ ረጅም ትንፋሽ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ደገሙት። ሦስተኛውን ለራሳቸው ነው ያሉት።

ቀጥሎ በክፍተቷ ጫፍ አንድ ዓይን ታየኝ። የሐጂ ዓይን ነበር። ከበርበሬው ቀን ወዲህ ዓይን ለዓይን ስንተያይ የመጀመሪያችን ነው፤ ያውም አንድ አንድ ዓይናችንን ብቻ።

«ለምን አትለቃትም?» አሉኝ።

«ትወድቅብኛለች።»

«ሕዝብ ሁሉ እየሳቀብህ ነው እኮ።»

«ይሰማኛል።»

 «ቆዳህ ዘይት ዘይት ይሸታል» አሉ።

«ሰሊጥ አፍስሰውብኝ ነው። ሐጂ፣ ስለ በርበሬው ...»

«በርበሬውስ ይሁን። ጎማውን ምን ብለህ ጨመርክበት?»

«እኔም አላውቅም።»

አንድ ድምፅ ሰማሁ። መጀመሪያ ያለቀሱ መስሎኝ ነበር። እየሳቁ ነበር። ሐጂ ሲስቁ ድምፃቸውን ወደ ውስጥ ነው የሚስቡት። እኔም ሳቅሁ፤ ስስቅ ሆዴ ከግድግዳው ስለሚጋጭ ግን ቶሎ ተውኩት።

ከዚያ ሐጂ ከላይ የተሰቀለ ልብስ ማውረጃቸውን ረጅም እንጨት አመጡ። ጫፉ ላይ ሸካራ ጥጥ ጨርቅ ጠቀለሉና በጓሮው በኩል ወደ እኔ ላኩት። የሳቸው ክንድ ቀጭን ነው፤ እስከ ትከሻቸው እንደ ልብ ገባ። «ግራ» እላለሁ፣ «ትንሽ ወደ ላይ» እላለሁ፤ እሳቸው ይታዘዛሉ። ጨርቁ መዳፌ ጋ ሲደርስ ጣቶቼን ገለጥ አደረግሁ። ግልገሏ ጥቂት ፈራች። ከዚያ በጥፍሯ ጨርቁን ያዘች፤ ያቺ የባቄላ ፍሬ የምታህል ፍጥረት እንዴት አጥብቃ እንደያዘች ብታዩ። ሐጂ እንጨቱን ትንፋሻቸውን ይዘው ከፍ ከፍ አደረጉ፣ እናቶቹ ከተሰቀሉበት ሥር ግድግዳው ላይ አስጠጓት። ቆየች፣ ቆየችና ወደ ግድግዳው ተሻገረች። አንዷ ትልቅ ከላይ ወርዳ ሸፈነቻት።

እኔ ጣቶቼን ዘረጋሁ። ክንዴ እንደ ቅቤ ወጣ። በዘይቱም ይሁን በግራሶው አላውቅም፣ ወደ ኋላ ተንሸራትቼ ፖሊሱ ላይ ተቀመጥኩበት።

ፖሊሱ ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈ። የሌሊት ወፍ መሆኗ ሲነገረው ክፍተቷን በባትሪ አየ፣ እኔን አየ፤ ፊሽካውን ነፍቶ ሕዝቡን በተነ።

ሐጂ በጓሮ ዞረው መጡ። ከኋላቸው ኢድሪስ ኢማንን ታቅፏል። ይመር መዶሻውን ይዞ፣ «እንግዲህ እንቀጥል?» አለ። ሁላችንም ሐጂን አየን። የተናገረው ግን ኢድሪስ ነበር።

«ይመር፣ አስቀምጠው» አለ። ልጁን በክንዱ ከፍ አድርጎ አስተካከላት። «ካርቱም ላይ ጣሪያችን ሲመታ እነዚህ ልጆች ውስጥ ነበሩ። እኔ ልጅ ያለበት ቤት አላፈርስም። እስኪያድጉ እንቆያለን።»

ሐጂ ልጃቸውን ረዘም አድርገው አዩት። ከዚያ መዶሻውን ከይመር እጅ ወሰዱ።

«እስኪያድጉ የት ትሆናላችሁ? ክረምት መጣ እኮ» አልኩት።

ይህን የተናገርኩት ከልቤ አዝኜ ነው። መልሱን ግን የሺ ነጠቀችኝ። «የኛ የኋላ ክፍል ባዶ ነው» አለች።

ባዶ አልነበረም። የትራክተር አክስል፣ ጎማ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የማረሻ ብረት ሞልቶበት ነበር። የሚቀጥለውን ሳምንት እሱን ስሸከም ከረምኩ፤ ጀርባዬ እስካሁን ያስታውሰዋል። ኢድሪስና ቤተሰቡ ክረምቱን በሙሉ እኛ ዘንድ አለፉ። ኢማን ኩሽኔታ ማሽከርከር ተምራለች፤ ስሙንም ከእኔ ደንበኞች በተሻለ ትጠራዋለች።

ግልገሎቹ ሐምሌ ውስጥ መብረር ጀመሩ፤ አንዳንዱ ከቆርቆሮው ጋር እየተጋጨ፣ አንዳንዱ የሐጂ ሻሽ ላይ እያረፈ። ነሐሴ ላይ አንድ ምሽት፣ እንደየዓመቱ ልማዳቸው፣ ወጥተው በዚያው ቀሩ። ግንባታው ከክረምት በኋላ ተጀመረ። ሐጂ ይመርን ጠርተው፣ «ሲባጎህን ወደ እኔ ሳበው» አሉት። ወንድማማቾች በስንዝር መሬት ሲካሰሱ ያየሁበት ከተማ ነው ይሄ። ሐጂ ስንዝራቸውን ተዉ፤ የኢድሪስ ክፍል ከመጥበቡ የተነሣ አልጋው በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚገባው። ትዕግስት መጥታ ሲወጡ ኃይለኛ መብራት እንደሚያስፈራቸው ነገረችን፤ የብሎኬቱም የውስጥ ፊት መያዣ እንዲሆናቸው ሸካራ ሆኖ ይቅር አለች። ይመር በዚህ በጣም ተቸገረ። «ያልተለሰነ ግድግዳ የይመር ነው ከተባለ ማን ያሠራኛል?» እያለ ነጋ ጠባ ይለምነን ነበር። በመጨረሻ ሐጂ፣ «ማንም የማያየው ቦታ ነው» አሉት። «እነሱ ያዩታል» ብሎ አንድ ቀን ሙሉ ሸካራውን ሲያሳምር ዋለ።

ከዚያ መመለሳቸውን ጠበቅን። ጥር አለፈ፣ የካቲት አለፈ። ሽታ የሚባል ጠፋ፤ ሽታ ናፍቆኝ አያውቅም ነበር። ሐጂና እኔ ማታ ማታ አንድ አግዳሚ ላይ እየተቀመጥን ባዶዋን ክፍተት እናያለን። «አዲሱን ግድግዳ አልወደዱት ይሆናል» ይላሉ። «ሲሚንቶው ይሸታቸው ይሆናል» እላለሁ። መጋቢትም አለፈ። ሚያዝያ ሲጋመስ ሐጂ፣ «ምናልባት ሌላ ቦታ አግኝተው ይሆናል፤ አግኝተው ከሆነ ደግ ነው» አሉ። ሁለታችንም አላመንነውም።

በማግስቱ ፀሐይ ስትገባ ሐጂ ሶላት ላይ ነበሩ፤ እኔ ሱቄን እዘጋ ነበር። በአዲሱ ሱቅ ደጃፍ ላይ ኢድሪስ ያስገጠመው ትልቅ አምፖል እንደ ቀን ያበራል። ውስጥ ለልጃቸው ሰርግ ጨርቅ የሚመርጡ ከሽንፋ የመጡ ሴቶች ሞልተዋል። ድንገት መብራቱ ድርግም አለ። መብራት የሄደ መስሎኝ ዞር ስል የእኔ በርቷል። ኢድሪስ ማብሪያ ማጥፊያውን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል፤ በጣቱ ወደ ክፍተቷ እያመለከተ።

አንዲት ሴት ከጨለማው ውስጥ፣ «ኸረ ቀለሙ አልታየኝም» አለች።

ኢድሪስ ወደ ውስጥ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እናቴ፣ ጥቂት ይታገሡን» አላት። «እናቶቹ እየወጡ ነው።»